ለታይታ በሚገዛ ዕቃ ላይ የሚጣል ታክስ ብክነቱ ያንሳል?

ጠያቂ፣ ለገጣፎ፦
ታክስ ዋጋ ሲያስወድድ ሰው መግዛት ይተዋል፤ ያ ያልተገዛው ዕቃ የሚሰጠው ጥቅም ለገዢም ለመንግሥትም ሳይሆን ይቀራል። ለታይታ የሚገዛ ዕቃ ላይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው ሲባል እሰማለሁ። ለምን? በአሃዝ የሚያስረዳኝ ካለ።

መልስ፣ ሰበታ፦
የሰርግ አጀብ እንውሰድ። ሁለት ቤተሰቦች 10፣ 10 መኪና ይከራያሉ እንበል። ታክሱ ኪራዩን አስወድዶ ሁለቱም ወደ 7 ቢወርዱ ማንም ከማንም አላነሰም፤ ክብሩ እንዳለ ነው፣ የ3 መኪና ወጪ ግን ቀረ። ጤፍ እንዲህ አይደለም፤ ጎረቤት እንጀራ ስለቀነሰ የኔ ሆድ አይሞላም። ዋጋው ራሱ ክብር ከሆነ ደግሞ ገዢው አይቀንስም፤ ታክሱ በሙሉ ገቢ ይሆናል።

መልስ፣ ገላን፦
ልክ ነው፤ ግን 15 በመቶው ቫት ይህን አይሠራም፣ ሳሙናና ሽቶ ላይ እኩል ያርፋልና። ለይቶ የሚመታው ኤክሳይዝ ነው፤ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣለው ታክስ። ቫቱ ኤክሳይዝ ከተደመረ በኋላ እንደሚሰላ አትርሱ፦ መነሻው 1,000,000 ብር፣ ኤክሳይዙ 100 በመቶ ቢሆን 2,000,000 ይሆናል፤ ቫት 300,000፤ ድምር 2,300,000፣ ሌላ ቀረጥ ሳይቆጠር። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ መኪናን በሞተር መጠንም በዕድሜም ይለያል። የሞተሩ መለያ የታይታ ዕቃን ለመለየት ይረዳል፤ የዕድሜው ግን አይረዳም፣ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሀብት ሊያሳይ አይደለም።

መልስ፣ ሱሉልታ፦
የሚበላሸው ፉክክሩ ቦታ ሲቀይር ነው። መኪናው ሲከብድ ወደ ወርቅ፣ ወደ ድንኳን ማስጌጫ፣ ወደ አጥር እምነበረድ ይሄዳል፤ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው ዘርፍ ውስጥ ከገባ ታክሱም ቁጠባውም የለም። ስለዚህ መሠረቱን፣ ማለትም ታክሱ የሚያርፍባቸውን ዕቃዎች፣ ሳያሰፉ አንድ ዕቃ ላይ ብቻ መጣኔውን (መቶኛውን) መቆለል አያዋጣም።