ወርቅ ፍለጋ ሄደው የሞቱት ቻይኖች፦ ማን ገደላቸው?

የመዘዞው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጅ እያለሁ መዘዞ ገደል ላይ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ቆፍሬያለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ጎማ እለጥፋለሁ። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያለው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ፎቶ ላከልኝ። ቢችዎርዝ የምትባል ከተማ መቃብር ውስጥ ሁለት ማማ ቆሟል። ወርቅ ፍለጋ ሄደው ለሞቱ ቻይኖች ነው አሉ፤ የጸሎት ወረቀት ይቃጠልበታል። «ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ በምን ሞቱ?» አለኝ። እኔ ጉድጓድ ተደርምሶባቸው መስሎኝ ነበር። ያው የኛም ሥራ እንደዚያ ስለሆነ። እሱ ግን ተደብድበው፣ ተባረው የሞቱም አሉ ይላል። እውነት ነው?

አስተማሪው፦
እውነት ነው ወንድሜ። ከቢችዎርዝ ብዙ ሳይርቅ ባክላንድ የሚባል ሸለቆ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1857 ነጮቹ ቆፋሪዎች ተሰብስበው ወጡና ወደ 2,000 የሚጠጉ ቻይኖችን ከሰፈራቸው አባረሩ። ድንኳን አቃጠሉ፣ ሱቅ ዘረፉ፣ ቤተ መቅደሳቸው ላይም እሳት ለቀቁበት። ጁላይ እዚያ ብርድ ነው። ቢያንስ 3 ሰው ሞተ። በወቅቱ የተባለው ግን «በሕመም ሞቱ» ነው። ይቺን ልብ በላት። ፖሊስ ይዞ የደረሰው ሮበርት ኦሃራ በርክ ነበር፤ ያ በኋላ በረሃ ሲያስስ የሞተው ሰውዬ። ሰዎች ተያዙ፣ ተከሰሱ። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ ግን አብዛኞቹን ከከባዱ ክስ ነፃ አወጣቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦
ላምቢንግ ፍላት የሚባለውን የወርቅ ሰፈር ረሳኸው እኮ። ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚባል ሌላ ግዛት ውስጥ፣ ጁን 30 ቀን 1861። ነጮቹ ቆፋሪዎች በሺዎች ሆነው፣ ባንዲራ ይዘው፣ ሙዚቃ እያስመቱ ነው የመጡት። ሰርግ የሚሄዱ ነው የሚመስለው! የቻይኖቹን ሹሩባ እየቆረጡ ወሰዱ። አንዳንዱን ከነራስ ቆዳው። ከሺህ በላይ የሚሆኑት ሸሽተው ጄምስ ሮበርትስ የሚባል ሰው እርሻ ላይ ተጠለሉ። እሱም አበላቸው፣ አስጠለላቸው። ይሄ ሰው ደስ ይለኛል። ከተማዋ በኋላ ያንግ ተባለች፤ ባንዲራው ዛሬም እዚያው ሙዚየም ውስጥ አለ።

አልስማማም፦
ሁሉን ነገር ዘር አታድርጉት። የእንጀራ ጉዳይ ነው። ቻይኖቹ ነጩ ጥሎት የሄደውን አፈር እንደገና አጥበው ወርቅ ያወጡ ነበር። ይሄ ያናድዳል።

አስተማሪው፦
ጥሎት የሄደውን ካልክ ምኑን ነጠቁት? ደግሞ ሕጉንም እይ። ቪክቶሪያ የምትባለው፣ ቢችዎርዝ ያለችባት ግዛት በ1855 በመርከብ በሚገባ ቻይናዊ ላይ ብቻ በነፍስ ወከፍ 10 ፓውንድ ግብር ጣለች። ሌላው በነፃ ይገባል። ስለዚህ መርከቦቹ ሮብ የሚባል የሌላ ግዛት ወደብ ላይ ያራግፏቸው ነበር። ከዚያ እስከ ወርቁ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ነው። በትከሻ ሸክም ሁለት ጎን አንጠልጥለው፣ ሰልፍ ሠርተው። መንገድ ላይ የቀረም አለ።

የመዘዞው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እዚያው ነው የተቀበሩት ሁሉም?

ከሸዋ ሮቢት፦
ሁሉም አይደሉም። ገንዘብ የተረፈው ወይ ማኅበር ያለው፣ ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ተቆፍሮ አገሩ ይላክለታል። በ1902 ቬንትኖር የምትባል መርከብ ከኒውዚላንድ 499 አስከሬን ጭና ወደ ቻይና ስትሄድ ባሕር ውስጥ ሰመጠች። ብዙዎቹ ወርቅ ቆፋሪ የነበሩ ናቸው። አገራቸው ሊገቡ ሲሉ!

የመዘዞው፦
ይሄ ከሁሉም ባሰብኝ። ከኛ ጋር ድጅኖ የሚይዝ አንድ ልጅ ነበር። ናዳ በላው። ስናወጣው ከሰዓት ሆኗል። ደላላው እዚያው ቅበሩት፣ መንገዱ አይቻልም አለን። እምቢ አልን። በቃሬዛ እየተፈራረቅን ሌሊቱን ሙሉ ሄደን፣ ጎህ ሲቀድ እናቱ ደጅ ደረስን። «ልጄን ባፈሩ አገባችሁልኝ» ብላ እግራችን ላይ ወደቀች። እነዚያስ እናቶች?

ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ተመልሰህ ከሄድክ ጧፍ አብራላቸው አልኩት። «ጋሼ፣ እዚህ ጧፍ ከየት ላምጣ?» አለኝ።