የሠራተኞች የሕክምና መድን፦ የመድኃኒት ጣሪያው እንዴት ይቆጠራል?

ገላን ላለ የ64 ሠራተኞች ፋብሪካ ሁለት የሕክምና መድን ዋጋ ቀርቦልናል። ውሉ ሳይታደስ መወሰን አለብንና እባካችሁ አግዙን።

የመጀመሪያው አረቦን (ለመድኑ በዓመት የሚከፈለው) በሰው 6,200 ብር ነው። የተመላላሽ ሕክምና ጣሪያው 15,000 ሲሆን መድኃኒትም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል፤ ሠራተኛው የመድኃኒቱን 20 በመቶ ይከፍላል። ሁለተኛው 7,400 ብር ሆኖ ለተመላላሽ 12,000፣ ለመድኃኒት ለብቻው 10,000 ይሰጣል፤ የሠራተኛው የመድኃኒት ድርሻ 10 በመቶ ነው። የአረቦኑ ልዩነት በዓመት 76,800 ብር ይመጣል።

የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ተወድዷል፤ በጣም የሚያሳስቡን የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎቻችን ናቸው። በዓመት 18,000 ብር ለመድኃኒት፣ 4,000 ብር ለምርመራ የሚያወጣ ሰው ወስደን አሰላን። ከጣሪያው የሚቀነሰው መድን ሰጪው የከፈለው ብቻ ከሆነ፣ ሠራተኛው በመጀመሪያው 7,000፣ በሁለተኛው 8,000 ከኪሱ ያወጣል። ሙሉው ደረሰኝ የሚቀነስ ከሆነ ግን የመጀመሪያው እንደ ደረሰኞቹ ቅደም ተከተል ከ9,200 እስከ 10,000 ይደርሳል፣ ሁለተኛው 9,000 ላይ ይቆማል። ምርጫው ተገለበጠ ማለት ነው።

የሁለቱም ረቂቅ ውል ስለ አቆጣጠሩ አንድም ቃል የለውም። በተግባር የሚሠራበት የትኛው ነው? ውሉ ላይስ በምን ቃል ቢሰፍር በኋላ አያከራክርም? የከነማ መድኃኒት ቤት ደረሰኝ እንዲወራረድ ያስጻፋችሁ ካላችሁም አንቀጹን ብታሳዩን።