አራት ኪሎን የተወ አራት ኪሎ ይጨምራል?

አድሚን፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ከባለ 72 የመጣ ነው። ሰው ዳይት ሳይዝ፣ ስፖርትም ሳይሠራ ክብደቱ ራሱ የሚቆምበት ቦታ አለው ወይ? ካለስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን "ኪሎ ቀንሱ" ብሎ ማወዳደሩ ልክ ነው? ስድብ የለም። ቮይስ አትላኩ፣ ጻፉ።

ባለ 72፦ ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን የኪሎ ቅነሳ ውድድር አውጥቷል። በ3 ወር ብዙ የቀነሰ ይሸለማል። እኔ አልተመዘገብኩም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ፒያሳ፣ ከሥራ ስወጣ የማልፍበት መንገድ ዳር፣ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ስድስት ዓመት ደንበኛው ነኝ። ኪሴ ውስጥ ዝርዝር ከተገኘ እወጣበታለሁ። ሁዳዴ ሲያልቅ 70። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ 74። ሰኔ ላይ ግን ሁልጊዜ 72። ጂም ገብቼ አላውቅም። ካሎሪ ቆጥሬም አላውቅም። ልጁ አሁን አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ "72 መጣ" ይለኛል። ስለዚህ አቋሜ ሰውነት ልኩን ያውቃል ነው። ምን አነካካን?

ኮች፦ ወንድሜ፣ አንተ ዕድለኛ ነህ እንጂ ማስረጃ አይደለህም። እኔ ስታዲየም አካባቢ ጂም ውስጥ አሠራለሁ። "በዘራችን ነው" እያለ የማይመጣ ሰው የለም። ሁለት ወር ላቡን ካፈሰሰ በኋላ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ያስበሳል። ሰውነት ልኩን የሚያውቅ ከሆነ የዚህን ከተማ ቦርጭ ማን አመጣው?

እትዬ፦ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ቦርጭ ያወጣ ሰው "ደላው" ነበር የሚባለው። ሴት ስትወፍር "አማረብሽ"። ስትከሳ ደግሞ "ምን ነካሽ? አሞሻል እንዴ?"። አሁን ለመክሳት ሽልማት ይሰጣል? ጉድ እኮ ነው።

ባለ 72፦ እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሲስተር፦ ባለ 72 እና ኮች፣ ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ሰውነት ክብደቱን ይጠብቃል የሚለው የሰፈር ወሬ አይደለም። ስብ ዝም ብሎ የተከመረ ጮማ አይምሰላችሁ፤ ሆርሞን ያመነጫል። ሌፕቲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ ውስጥ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው ያገኘው። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ይህን ሲያይ ረሃብ ገባ ብሎ ይነሳል። ምግብ ምግብ ያሰኝሃል። የምታቃጥለውንም ኃይል ይቆጥብብሃል። ወደ ላይ ሲሆን ግን እንደዚያ አይጮህም። ኪሎ ስትቀንስ በር ይሰብራል፣ ስትጨምር ቀስ ብሎ ያንኳኳል።

ኮች፦ ሲስተር፣ ይሄን ሆርሞን ተዪልኝ። ረሃብ በገባበት አገር ወፍራም ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የማይበላ ሰው አይወፍርም። አለቀ።

ሲስተር፦ አላየሁም። ግን ከረሃቡ በኋላ የሚሆነውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ምግብ አኖራቸው። ሩብ ያህል ክብደታቸውን አጡ። አንተ እንዳልከው። ግን ሰዎቹ ሌላ ወሬ ጠፋባቸው። ቀን ስለ ምግብ ያወራሉ፣ ሌሊት ምግብ ያልማሉ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስባሉ። እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ጠግበው አልጠግብ አሉ። ስባቸው ከድሮው አልፎ ተመለሰ። የፈቃድ ደካሞች ስለሆኑ ነው?

ዝምተኛዋ፦ እኔ እዚህ ግሩፕ ላይ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ልጻፍ።

የእኛም መሥሪያ ቤት ይህን ውድድር አድርጓል። ሚዛኑን አዳራሹ መግቢያ ላይ አስቀመጡት። አንድ ልጅ ቁጥሩን እያነበበ ይጠራል፣ ሌላዋ ትመዘግባለች። ወረፋዬ ሲደርስ ጫማዬን አወለቅኩ። ሻርፔን አወለቅኩ። የጆሮ ጌጤን ሁሉ፣ ይታያችሁ። ልጁ "97 ነጥብ 4!" አለ፣ ልክ የሎተሪ ዕጣ እንደሚያወጣ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ማታ ስሜ ከነቁጥሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ኮች፣ አንተ እኔን የማልሞክር ይመስልሃል። ከሦስት ዓመት በፊት 14 ኪሎ ቀንሼ ነበር። እራት ትቼ፣ እንጀራ ትቼ፣ በየጠዋቱ የመስቀል አደባባይን ደረጃ ወጥቼ ወርጄ። በሦስተኛው ወር የጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ግድግዳውን አልፌ ልሄድ ደርሼ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ጀግና አለኝ። በዓመት ተኩል ውስጥ 16 ኪሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለኝም። ሲስተር የጻፈችውን የሚኒሶታን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ።

እትዬ፦ አይዞሽ ልጄ። ያ ልጅ ግን እናት የለውም?

ኮች፦ እህቴ፣ ሰሌዳ ላይ መለጠፉ ነውር ነው። በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ።

ቁጥር ወዳዱ፦ ውድድርን በተመለከተ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የሚታይ የኪሎ ቅነሳ ውድድር ነበር። ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 14 ተወዳዳሪዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ፈልገው መዘኗቸው። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር። 41ዱ ተመልሷል። የባሰው ይህ ነው፤ ሰውነታቸው አርፎ የሚያቃጥለው ኃይል በእነሱ ክብደትና ዕድሜ ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ልብ በሉ።

ባለ 72፦ በቃ! ክርክሩ አለቀ። ሰውነት ልኩን ያውቃል።

ቁጥር ወዳዱ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ለአንተም አለኝ። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ። በ2016 ከመቶ 8 ደረሱ። በ16 ዓመት ውስጥ ዘራችን አልተቀየረም። የተቀየረው ሌላ ነገር ነው። ልኩ በሰውነት ውስጥ የተተከለ ከሆነ ማን ነቀለው?

ክርክሩ የተምታታው ሁለት ነገር በአንድ ስም ስለምንጠራ ነው። ሮቶ አስቡ። አንደኛው ሮቶ ውስጥ የሚንሳፈፍ ኳስ አለ። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ይነሳና ቧንቧውን ይዘጋል። ሲጎድል ይከፍተዋል። ልኩ ያለው እዚያው ሮቶው ውስጥ ነው። ባለ 72 ራሱን እንደዚህ ነው የሚያየው። ሁለተኛው ሮቶ ኳስ የለውም፣ ሥሩ ላይ ግን ቀዳዳ አለው። ከላይ ይገባል፣ ከሥር ይፈሳል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ስለሚጨምር የሚፈሰውም ይጨምራል። የሆነ ቦታ ላይ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆንና ይቆማል። ልክ ያበጀለት የለም። ከላይ የሚገባውን ትንሽ ከጨመርክ ሌላ ቦታ ላይ ይቆማል። ሰውም እንዲሁ ነው። ሲወፍር ከባድ አካል ይዞ ስለሚንቀሳቀስ ብዙ ያቃጥላል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከውጭ ስታየው ሁለቱም ሮቶ ውሃው አልተነቃነቀም። አንተም በሚዛን ብቻ የትኛው እንደሆንክ አታውቅም።

ጆን ስፒክማን የሚባል ሳይንቲስት ደግሞ ሁለቱን ያስታርቃል። ከታች አንድ ወሰን፣ ከላይ አንድ ወሰን አለ ይላል። ወሰኑን ካለፍክ ሰውነት ይጣላሃል። በመሃል ያለው ሜዳ ግን የኑሮህ ነው።

ሲስተር፦ ሜዳው ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። ካናዳ ውስጥ ክሎድ ቡሻርድ 12 ጥንድ መንታዎችን በቀን 1000 ካሎሪ ትርፍ ለ84 ቀን አብልቷቸዋል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ምግቡ እኩል ነው። አንዱ 4 ኪሎ ጨመረ፣ ሌላው 13። መንታዎቹ ግን እርስ በርስ ይቀራረቡ ነበር። ስለዚህ "እኔ እንዳንተው እየበላሁ ለምን አልወፈርኩም?" የሚል ሰው አፉን ቢይዝ ጥሩ ነው።

የካዛንቺሱ፦ እናንተ ስለ አሜሪካ ስታወሩ እኔ ልናገር። ሠላሳ ዓመት ካዛንቺስ ኖርኩ። ሥራዬ አራት ኪሎ። ጠዋት በቤተ መንግሥቱ በኩል አድርጌ በእግሬ ሽቅብ፣ ማታ በእግሬ ቁልቁል። ስፖርት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም፣ የታክሲ ሰልፍ ጠልቼ ነው እንጂ። 2017 መግቢያ ላይ ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ቤት ደረሰን። ቤቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አሁን በአውቶቡስ ተቀምጬ መጥቼ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ውዬ፣ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ምሳዬ ያው በያይነቱ ነው። እራቴም ያው ሽሮ። ዓመት ሳይሞላ 4 ኪሎ ጨመርኩ። አራት ኪሎን በእግር መሄድ ትቼ አራት ኪሎ ጨመርኩላችሁ።

ባለ 72፦ ሃሃሃ አቦ ይመችህ።

ቁጥር ወዳዱ፦ የካዛንቺሱ፣ ሒሳብህን ልሥራልህ። ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ላንተ ክብደት ቁጭ ብለህ ከምታቃጥለው በላይ 150 ካሎሪ ገደማ ነው። እሑድን ስናወጣ በቀን በአማካይ 125 እንበል። ቅድም የጠቀስኩት ኬቨን ሆል ያወጣው ስሌት አለ፤ በየቀኑ 24 ካሎሪ ያህል ልዩነት ሲኖር ክብደት በ1 ኪሎ ይቀየራል። ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቀሪው አብዛኛው እስከ ሦስተኛው ዓመት። ስለዚህ በመጨረሻ 5 ኪሎ ጨምረህ ትቆማለህ። በመጀመሪያው ዓመት ግን መጨመር የነበረብህ 2 ተኩል ነው። አንድ ተኩሏን ከየት አመጣሃት?

የካዛንቺሱ፦ ምን ማለትህ ነው?

ቁጥር ወዳዱ፦ ጠዋት ምን ትበላለህ?

የካዛንቺሱ፦ ... በሌሊት ስለምወጣ ቤት ቁርስ የለም። አውቶቡስ ስጠብቅ ሻይና ቦምቦሊኖ።

ኮች፦ ስንት ቦምቦሊኖ?

የካዛንቺሱ፦ ሁለት። አንዳንዴ።

ኮች፦ አንዳንዴ ሁለት ነው ወይስ አንዳንዴ ሦስት?

የካዛንቺሱ፦ ይሄ ክርክር ነው ወይስ ምርመራ?

እትዬ፦ ተዉት እንጂ። ሰው በሌሊት ተነሥቶ ምን ይብላ?

ባለ 72፦ ቆይ ግን። እንደዚህ ከሆነ የኔ 72 የሰውነቴ ሳይሆን የመንገዴ ቁጥር ነው ማለት ነው? እኔም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለገሃር በእግሬ ነው የምመላለሰው። ስንት ዓመት ሰውነቴን ሳመሰግን ኖሬ ምስጋናው ለዳገቱ ነበር? ይባስ ብሎ መሥሪያ ቤታችን ወደ ሲኤምሲ ሊዛወር ነው ይባላል።

ቁጥር ወዳዱ፦ ሲኤምሲ ላይ ስትቆም ቁጥሩን ላክልን።

ሲስተር፦ የመንገዱም የሰውነቱም ነው። ከሁዳዴ በኋላ ከ70 የመለሰህ ረሃብህ ነው። ያ የሰውነት ሥራ ነው። በነገራችን ላይ ጾም ኪሎ ይቀንሳል የምትሉ፣ እኔ በጾም ነው የምጨምረው። እርጥብ፣ ሳምቡሳ፣ በዘይት የራሰ ፓስታ።

ኮች፦ እሺ፣ ዳገቱን ልቀበል። ግን እኔም አንድ ነገር ልበል። ስኳር ያለበት ደንበኛ አለኝ። 92 ነበር፣ 86 ላይ ቆመ። ከዚያ በታች እንቢ አለው፣ ቁጥር ወዳዱ ያለው የታችኛው ወሰን ይሁን ሌላ አላውቅም። ግን ስኳሩ ወርዶለታል። እንቅልፉ ተስተካክሏል። "ሰውነት ልኩን ያውቃል" ብዬ ብመልሰው ኖሮ ይኼኔ የት ነበር? ሰው ቤቱ ቁጭ እንዲል ምክንያት አትስጡት ነው የምለው።

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ከመቶ 5 እንኳን መቀነስ ለስኳርና ለደም ግፊት ይጠቅማል። ያንተ ሰውዬ 6 ኪሎ ቀንሶ እዚያው መቆየቱ ነው ትልቁ ነገር። በውድድር ሕግ ግን እሱ ተሸናፊ ነው። 15 ኪሎ ቀንሶ በዓመቱ 16 የሚመልሰው ነው ሽልማቱን የሚወስደው።

ዝምተኛዋ፦ ወሰድኩ እኮ። ያኔ በግሌ ስቀንስ አለቃዬ ሰዓት ሸልሞኛል። ሰዓቱ አሁንም ይሠራል።

አድሚን፦ እሺ፣ ወደ ጥያቄው ሁለተኛ ክፍል። መሥሪያ ቤት ምን ያድርግ?

ባለ 72፦ ሚዛኑን ይሰብስብ። ሰዓት ይስጠን። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ወጥቶ የሚሄድበት ሃያ ደቂቃ ይጨምር።

ኮች፦ ካፌው ለስላሳና ኬክ ብቻ መሸጡን ይተው።

እትዬ፦ እኔ ምግብ ቤት አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ "በያይነቱ፣ ዘይት ቀንሺ" ሲለኝ እቀንሳለሁ። በሳምንቱ "ምነው እትዬ፣ እጅሽ ተቀየረ?" ብሎ ጎረቤት ይሄዳል። ይሄንንም ጻፉት።

ዝምተኛዋ፦ እኔ ዘንድሮ አልመዘገብም ብዬ ጽፌ አስገብቻለሁ። ምክንያት ጻፊ አሉኝ። "የግል" አልኩ።

የካዛንቺሱ፦ እኔ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ስታዲየም ላይ ወርጄ ሽቅብ አራት ኪሎ በእግሬ ልገባ ነው። ቁጥር ወዳዱ፣ በዓመት ስንት ይወርዳል?

ቁጥር ወዳዱ፦ በአንድ መንገድ ብቻ? ምናልባት ሁለት ኪሎ ገደማ። ቦምቦሊኖውስ?

የካዛንቺሱ፦ እሱን አትንካብኝ።