ርካሹን ትኬት ልቁረጥላት ወይስ ይቅርብኝ?

ሐረጎ፦ ሰላም ወሎዬዎች፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። እህቴ ዱባይ ናት ለዒድ ልትመጣ ነው፣ በጣም ርካሽ ትኬት አገኘን ግን ሻንጣ ለብቻ ይከፈላል ይላል፣ ሰውም ይዘገያሉ ምናምን እያለ አስፈራራን። በዚህ ዋጋ እንዴት ነው የሚያተርፉት ግን?

የፒያሳ ልጅ፦ አብሽር። ሚስጥሩ አውሮፕላኑን መሬት ላይ አለማቆየት ነው። የአውሮፓው ርካሽ አየር መንገድ ራያንኤር ካረፈ በ25 ደቂቃ መልሶ ሊነሳ ነው የሚያቅደው (እኛ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ የምንቀመጠውን አስበው ሃሃ)። ምግቡን፣ ሻንጣውን፣ ወንበር መምረጡን ደግሞ ለየብቻ ይሸጡልሃል።

ቦርከና፦ ችግሩም እሱ ነው እኮ፣ ፕሮግራሙ ክፍተት ስለሌለው ጠዋት አንዱ ከዘገየ እስከ ማታ ይጎተታል። የአሜሪካው ሳውዝዌስት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2022 ከ16 ሺህ በላይ በረራ ሰረዘ፣ ብርዱ ሌሎቹንም መቷቸዋል ግን እነሱ ቶሎ አገገሙ፣ የሱ ሠራተኛ የሚመድበው ሲስተም አሮጌ ነበር። እኔንም አንዴ ስሙን የማልጠራው አየር መንገድ በር ላይ ሻንጣዬን መዝኖ ከትኬቱ የማይተናነስ አስከፍሎኛል፣ ተከራክሬ ተከራክሬ ደከመኝ።

ሐረጎ፦ ወይኔ፣ እሷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምትሸከመው

ቦርከና፦ እንግዲያው ኪሎውን ካሁኑ ኦንላይን ግዙ፣ ኤርፖርት ላይ ይወደዳል። ከቦሌ ኮምቦልቻ ያለውን በሌላ ትኬት ከሆነ የምትቆርጡት ለማግስቱ አድርጉላት፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃትም

የፒያሳ ልጅ፦ ወይ በአውቶቡስ ትምጣ፣ እሱ እንኳን ኪሎ አይቆጥርም 😂