ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ ጭነት ሲበዛበት የሚያስነጥስ የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ 5፦ ከየት ልጀምር?

ክፍት ጣሪያ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ 5 አለኝ፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር ነው። ጠዋት ሳስነሳው ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሲሠራ) መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ የማርሚታው (የጭስ መውጫው) ድምፅ ወጥነት የለውም፣ በየመሀሉ ምት ይዘላል። ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል። የሚብሰው በአምስተኛ ማርሽ፣ በ2,500 ዙር ገደማ እየሄድኩ ቤንዚን ስረግጥ ነው። ያን ጊዜ ያንገጫግጨኛል፣ ያስነጥሳል፣ ጉልበት ያጣል። ማርሽ ቀንሼ ዙሩን ከፍ ሳደርገው ይተወዋል። ዝናብ ባለበት ቀን ደግሞ ይጨምራል። ከማርሚታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። የነዳጅና የአየር ማጣሪያዎቹ አዲስ ናቸው፤ የሞተር መብራት በርቶ አያውቅም። አንዱ መካኒክ የነዳጅ ፓምፕ ቀይር አለኝ፣ ሌላው ቦቢና (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ዕቃ) ነው አለ። ይህን መኪና በጣም እወደዋለሁ፤ በግምት ዕቃ እየቀያየርኩ እንዲበላሽ አልፈልግም።

ቀስ ብሎ ፈቺ፦
ወንድሜ፣ ፓምፑን ለጊዜው ተወው። ነዳጅ ያጠረው ሞተር የሚደክመው ብዙ ነዳጅ በሚጠይቅበት ሰዓት፣ ማለትም በከፍተኛ ዙር ሙሉ ቤንዚን ሲረገጥ ነው። ያንተ ዙር ሲጨምር ይሻለዋል። ዝቅተኛ ዙር ላይ በትልቅ ማርሽ ስትረግጠው ሲሊንደሩ በአየርና በነዳጅ ይሞላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊት ሲጨምር ብልጭታው በካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ጫፍ ያለውን ክፍተት ለመዝለል ብዙ ቮልቴጅ ያስፈልገዋል። የካንዴላው ክፍተት ከሰፋ ወይም የካቦው (ከቦቢናው ወደ ካንዴላው የሚሄደው ሽቦ) ልባስ ከደከመ፣ ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ውስጥ በመዝለል ፈንታ ወደ ቅርቡ ብረት ይሾልካል። እርጥበት ሲጨመርበት የበለጠ ይቀለዋል። የነገርከን ሁሉ ወደ ብልጭታው ያመለክታል።

መብራቱ አለመብራቱ አያታልልህ። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር የተዘለለ ምት አይቆጥርም። ይህን የሚከታተል ሥርዓት በአሜሪካ ገበያ በመኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ አራቱን ካንዴላዎች አውጣና እንደ ሲሊንደር ቁጥራቸው በተርታ አስቀምጣቸው። ከማውጣትህ በፊት ግን በባትሪ መብራት ካንዴላዎቹ የተቀመጡባቸውን ጉድጓዶች ተመልከት። ዘይት ካለ በጨርቅ አድርቀው፤ አለዚያ ካንዴላው ሲፈታ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ያየኸውን ጻፍልን።

የዘይት እጅ፦
ፈቺ ያሉት ጥሩ ነው፤ የአየር ስርቆትን ግን ቶሎ አለፉት። 1.6 ሊትሩ የገባውን አየር የሚለካው በሚወዛወዝ ክዳን ነው። ከዚያ መለኪያ በኋላ በተሰነጠቀ ጎማ ሾልኮ የሚገባ አየር ስለማይቆጠር ድብልቁ ቀጭን (አየር የበዛበት) ይሆናል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጤነኛ ከሆነ ወዲያው ይንቀጠቀጣል፣ ሊጠፋም ይችላል። ምንም ለውጥ ካላሳየ ቀድሞውኑ ሌላ ቦታ አየር እየሰረቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመለኪያው እስከ ቢራቢሮው (ቤንዚን ሲረገጥ ለአየር የሚከፈተው ክዳን) ያለውን ጎማ እያጠፋችሁ በተለይ ከሥሩ መርምሩት። ስንጥቁ ከላይ አይታይም።

ክፍት ጣሪያ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ክዳኑን ስከፍት ሞተሩ ወዲያው ሊጠፋ ደረሰ፤ ጎማውም ደህና ነው። ካንዴላዎቹ ግን ጉድ አሳዩኝ። የ1፣ የ2 እና የ4 ጫፋቸው ፈካ ያለ ቡናማ ነው። የ3 ጥቁርና እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ይሸታል። የ3 ጉድጓድ ውስጥም ጣት የሚያህል ዘይት ተጠራቅሟል፤ የካቦው ጎማ አብጦና ለስልሶ፣ በጎኑ ላይ ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ይታያል። በዚህ ቦቢናውን ልቀይር?

ሞተር አድማጭ፦
አይግዙ፣ ቆይ። የዚህን ሞተር አሠራር ልንገርዎ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ ነው። ሁለት ቦቢናዎች አሉት፤ አንዱ 1ን እና 4ን፣ ሌላው 2ን እና 3ን ያቃጥላል። በአንድ ጊዜ ለሁለት ሲሊንደር ብልጭታ ይሰጣል፤ አንደኛው ሥራ ላይ ነው፣ ሌላኛው ጭስ እያስወጣ ስለሆነ ብልጭታው ይባክናል። ስለዚህ ቦቢና ሲሞት ጥንዱ አብሮ ይታመማል። የእርስዎ 2 ጤነኛ ነው፣ 3 ብቻውን ታሟል። በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የ3 ካቦና ካንዴላ ነው፤ ቦቢናው ከእነሱ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ብልጭታው በሁለቱ ካንዴላዎች በተከታታይ ስለሚያልፍ፣ አንድ ካቦ ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ ጓደኛውንም ሊያዳክም ይችላል። ጥንዱ አብሮ ቢታመምም እንኳ ካቦዎቹን ሳይለኩ ቦቢና ላይ አይፍረዱ። ካቦዎቹን ነቅለው በመልቲሜትር ይለኩ፣ እየለኩም ያወዛውዟቸው። ከሌሎቹ በጣም የራቀ ወይም ሲወዛወዝ የሚጠፋ ንባብ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ያ ነጣ ያለ መስመር ኤሌክትሪኩ የሾለከበት መንገድ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ በጨለማ ሞተሩን አስነስተው ካቦዎቹ ላይ ውኃ በስሱ ይርጩ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲዘል ያዩታል።

አደራ የምልዎት፦ ሞተሩ እየሠራ ካቦ በእጅዎ አይንቀሉ። የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ለመለየት የኢንጀክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን ዕቃ) ሶኬት አንድ በአንድ መንቀል ይበቃል። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ የማይለወጥ ከሆነ በሽተኛው እሱ ነው። ይህ ቤንዚኑንም ስለሚያቆም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ይድናል። በተዘለለ ምት ለረጅም ጊዜ መንዳት ያልተቃጠለውን ቤንዚን እዚያ ውስጥ እያቃጠለ ያቀልጠዋል፤ እስኪጠገን ድረስ አይሩጡበት።

ቀስ ብሎ ፈቺ፦
በዚህ እስማማለሁ። አራቱንም ካቦ አብረህ ቀይር፤ አንዱ ያረጀ ከሆነ ሌሎቹም እኩያው ናቸው። ለካንዴላ ኤንጂኬ ቢኬአር6ኢ-11 ይስማማዋል፤ 11 ቁጥሩ 1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ማለት ነው፣ ቢሆንም ራስህ ለካው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ካንዴላውን በጣትህ አስጀምር፣ ከዚያ ከ15 እስከ 23 ኒውተን ሜትር ብቻ አጥብቅ።

ዘይቱን ካላቆምከው ግን አዲሱም ካቦ በዚያው መንገድ ይበላሻል። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ከክዳኑ ሥር ዘይት የሚከለክለው ጎማ) ደርቆ ስለሆነ ዘይቱን ወደ ጉድጓዱ የሚያሳልፈው፣ እሱን ቀይር። ቅርፁ ግማሽ ክብ በሆነባቸው ማዕዘኖች ላይ ትንሽ ማሸጊያ አድርግ፤ ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር፣ ጉልበት ሳትጨምር አጥብቅ።

ክፍት ጣሪያ፦
ካቦዎቹን ለካሁ፤ የ3 እያወዛወዝኩት ንባቡ ይጠፋል። በጨለማም ሞከርኩት፣ ውኃ ሳልረጭበት እንኳ ይበራል። ካቦ፣ ካንዴላና ጓርኒሲዮን ተቀየረ። በአምስተኛ ማርሽ በ2,000 ዙር ረግጬው እንደ ውኃ ይፈሳል! ጠዋት ሚኒሞ ላይ ግን ጥቂት መንቀጥቀጥ ቀርቷል።

የዘይት እጅ፦
ደስ ይላል! የቀረው ምናልባት ከሚኒሞ ማስተካከያው ነው፤ በዚህ ሞተር 850 ዙር ገደማ መሆን አለበት። የቢራቢሮውን ቆሻሻ አጽዱ፣ ከዚያ ማስተካከያውን ንኩ።

ሞተር አድማጭ፦
ከጥቂት ቀን በኋላ የ3ን ካንዴላ አውጥተው ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽሩ። ቡናማ ከሆነ ነገሩ አልቋል። እንደገና ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግን አራቱንም ካንዴላ አውጥተው፣ ነዳጁንና ብልጭታውን አቋርጠው፣ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረግጠው የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ይለኩ፤ የ3 ከጎረቤቶቹ በብዙ የሚያንስ ከሆነ ወደ ቫልቭና ፒስተን ቀለበት መሄድ ይኖርብናል። ግፊቱ እኩል ከሆነ የ3ን ኢንጀክተር ከ2 ጋር ያቀያይሩ፣ ችግሩም አብሮት መሄዱን ይዩ።