ስለ ስሎቫካዊው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ዮዜፍ ቬንግሎሽ የሚዘጋጀው ባለ 16 ገጽ ቡክሌት፦ የጋራ ሐሳባችን

ሰብሳቢ፦ ወገኖች፣ ረቂቁ ደርሷችኋል። ግማሹ ስለ 1976ቱ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ዋንጫ ነው። ለጉባኤው ከመቅረቡ በፊት እርማታችሁን ጻፉ።

የታሪክ ክፍል፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ «ቬንግሎሽ ቼኮስሎቫኪያን ለዋንጫ አበቃ» የሚለው መስተካከል አለበት። ዋና አሠልጣኙ ቫጽላቭ ዬዤክ ነበር፤ ቬንግሎሽ ምክትሉ ነው። ድርሻውን ማሳየት ከፈለግን ከስሎቫን ብራቲስላቫ እንነሣ። እስከ 1966 በአማካይነት የተጫወተበትን ክለብ በ1974 እና በ1975 ሻምፒዮን አድርጎታል፤ የ1976ቱ አምበል አንቶን ኦንድሩሽም የዚሁ ቡድን ተከላካይ ነበር። በብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሠልጣኝነት ያመጣው ውጤት ሌላ ነው፤ በ1980 ጣሊያንን በመለያ ምት 9 ለ 8 አሸንፎ የአውሮፓ ሦስተኛ፣ በ1990 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ።

አርታኢ፦ ቀኖቹም ይታረሙ። ረቂቁ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልስ በደፈናው 8 ዓመት እየቀነሰ ሄዷል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው ጊዜ የሚቀነሰው 7 ነው። እሱ ያሠለጠነው የእንግሊዙ አስቶን ቪላ ከጣሊያኑ ኢንተር የተጫወተበት ኦክቶበር 24 ቀን 1990 በእኛ ጥቅምት 14 ቀን 1983 ነው፤ ረቂቁ 1982 ይላል። እኔ የምለው ሁሉንም እ.ኤ.አ. እናድርገውና የልደቱን ቀን ብቻ በሁለቱም እንጻፍ፤ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1936፣ የካቲት 10 ቀን 1928 ዓ.ም.።

የሥልጠና ክፍል፦ በዚህ እስማማለሁ። አስቶን ቪላን በአንድ አንቀጽ ማለፉ ግን ልክ አይደለም። ለአሠልጣኞች የሚጠቅመው ትምህርት ያለው እዚያ ነው። በ1990 ክረምት ሲሾም፣ ከብሪታኒያና ከአየርላንድ ውጭ መጥቶ በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን ያሠለጠነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ግራሃም ቴይለር ሁለተኛ አድርጎት የሄደው ቡድን 17ኛ ወጣ። ቁጥሩን ብቻ ያየ አንባቢ «ከሸፈ» ብሎ ይዘጋዋል። ምክንያቱን እንጻፍለት፦ የአመጋገብ ሥርዓት፣ ጡንቻ ማፍታታት፣ ከጨዋታ በኋላ ሰውነትን ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ። ከጨዋታ በኋላ ቢራ ልማድ ለነበረበት መልበሻ ክፍል ይህ ሁሉ በአንድ የውድድር ዘመን የሚዋጥ አልነበረም። አርሰን ቬንገር ተመሳሳይ ነገር ይዞ አርሰናል የገባው በ1996 ነው።

ኢንተርን በሜዳው 2 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ሚላን ላይ 3 ለ 0 የተረታባቸው ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የኬንት ኒልሰን እና የዴቪድ ፕላት ጎሎች ተለይተው ይጠቀሱ።

የታሪክ ክፍል፦ አንድ ልጨምር። «ከ1993 ጀምሮ ስሎቫኪያን አሠለጠነ» ሲባል አንባቢ ይምታታል፤ ለ1994ቱ የዓለም ዋንጫ የማጣሪያ ጨዋታዎቹን የጨረሰው የቼኮችና የስሎቫኮች የጋራ ቡድን ነው። የስሎቫኪያ የመጀመሪያ ይፋ ጨዋታ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1994 ዱባይ ላይ ነበር፤ ኤምሬትስን 1 ለ 0 አሸነፈ።

ሰብሳቢ፦ ያሠለጠነው የስኮትላንዱ ክለብ ሴልቲክስ?

የሥልጠና ክፍል፦ ቬንግሎሽ ያስመጣው ስሎቫካዊው አማካይ ሞራቭቺክ ይበቃል። በ33 ዓመቱ፣ በ300 ሺህ ፓውንድ ገደማ ሲገዛ ጋዜጦች አፌዙ። ኖቬምበር 21 ቀን 1998 ተቀናቃኙ ሬንጀርስ በሴልቲክ 5 ለ 1 ሲሸነፍ ሁለቱን ያገባው እሱ ነው። ሊጉን ግን ሬንጀርስ መውሰዱ አይዘለል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ስሎቫንና 1976 ሦስት ገጽ፣ 1980 እና 1990 ሦስት፣ ቪላ አምስት፣ ሴልቲክ ሦስት፣ ስሎቫኪያ ሁለት። የቪላን ክፍል የሥልጠና ክፍል ይጻፈው።