መምህራን፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ማስተማርና ስለ ማህበራዊ ፍትህ ኦንላይን ምን ታነባላችሁ?

ጠመኔ በኪሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቋንቋና ንባብ ነው የማስተምረው፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለ ማስተማር የተጻፈ ነገር ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል፣ በተለይ መጻሕፍትንና ፍትህን አንድ ላይ የሚያነሳ ጽሁፍ ካገኘሁ እንቅልፍ የለም። ችግሩ ግን አብዛኛው ስብከት ነው። መምህር ፍትሃዊ ይሁን፣ ሁሉንም ልጅ እኩል ይይ ምናምን፣ እሺ አወቅን፣ ነገ ሁለተኛ ፔሬድ ላይ ምን ላድርግ?
ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር፣ ባለፈው ሳምንት በክራንች የምትሄድ ተማሪዬ ከክፍሉ መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ስትመልስልኝ "ቲቸር፣ እንደኔ የምትሄድ ልጅ ያለችበት የለም አይደል?" አለችኝ። አልተቆጣችም አላዘነችም፣ እንዲሁ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን መልስ አጣሁ።
እስቲ ደጋግማችሁ የምትመለሱበት ጽሁፍ ካለ ንገሩኝ። ሊንክ ብቻ ወርውራችሁ አትሂዱ ባካችሁ፣ ለምን እንደወደዳችሁትም ጻፉልኝ።

ገጽ ገላጭ፦
የልጅቷ ጥያቄ ክው ነው ያደረገኝ፣ ምክንያቱም እኔ የምመለስበት ጽሁፍ በዛው ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጀምረው። አሜሪካዊቷ መምህርትና ጸሐፊ ናንሲ ላሪክ እ.ኤ.አ. በ1965 ሳተርደይ ሪቪው መጽሔት ላይ የጻፈችው ነው። ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ የስዕል መጽሐፍ እያየች "ለምንድን ነው ሁልጊዜ ነጭ ልጆች የሚሆኑት?" ብላ ትጠይቃለች። ላሪክ አዝና ዝም አላለችም፣ ቆጠረች። በሶስት ዓመት ውስጥ የወጡ ከ5000 በላይ የልጆች መጻሕፍት ታይተው አንድም እንኳ ጥቁር ሰው ያለባቸው 6.7 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ።
ከዛ ወዲህ ደሞ ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያለው የልጆች መጻሕፍት ማዕከል በየዓመቱ እየቆጠረ ኦንላይን በነጻ ያወጣል። መቁጠር የጀመሩት በ1985 ነው፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ ከታተሙት ወደ 2500 ከሚሆኑ የልጆች መጻሕፍት ጥቁር ደራሲ ወይ ሰዓሊ ያላቸው 18 ነበሩ፣ አስራ ስምንት! የ2018ቱ ቆጠራ ደሞ በስዕል ተሠርቶ በሰፊው ዞሯል፣ ነጭ ገጸ ባህሪ 50 በመቶ፣ እንስሳና መኪና ምናምን 27 በመቶ፣ የተቀሩት የሰው ዘሮች ሁሉ ተደምረው 23። ድብና ጥንቸል በለጡን ማለት ነው 😅
ለምን ወደድኩት ላልከው፣ ቁጥር ስለሆነ። ከቁጥር ጋር ማንም አይከራከርም፣ ስብሰባ ላይም ይዘኸው ትገባለህ።

ዝምተኛዋ መምህርት፦
ቁጥሩ ጥሩ ነው ግን ልጅቷ ቁጥር አይደለም የጠየቀችው። ለእሷ የሚሆነው የአሜሪካዊቷ የልጆች ሥነ ጽሁፍ ምሁር የሩዲን ሲምስ ቢሾፕ ጽሁፍ ነው፣ በ1990 የወጣ፣ ጥቂት ገጽ ነው፣ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። መጽሐፍ መስኮት ነው፣ የሌላውን ዓለም ታይበታለህ፣ አንዳንዴ ተንሸራታች የመስታወት በር ይሆንና ገብተህ ትዞርበታለህ፣ ብርሃኑ ሲመቻች ደሞ መስታወት ሆኖ ራስህን ያሳይሃል ነው የምትለው።
አሁን ስህተቴን ልንገርህ፣ እንዳትደግመው። እኔ መጀመሪያ ሳነበው የያዝኩት መስታወቱን ብቻ ነበር። መስማት የሚቸግረው ተማሪ ነበረኝ፣ መስማት ስለማይችል ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ስንት ቦታ ፈልጌ አመጣሁና በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርቼ ሰጠሁት። ደስ ይለዋል ብዬ! ልጁ ሽፋኑን አየና "ለምን ለኔ ብቻ?" አለኝ። መጽሐፉን ሳይገልጠው መለሰልኝ። አፈርኩ እውነት ለመናገር። ተመልሼ ሳነበው ያኔ የዘለልኩት አንቀጽ እዛው ነበር፣ ሁልጊዜ ራሳቸውን መጽሐፍ ውስጥ የሚያገኙት ልጆችም ስለሌላው ባለማንበባቸው ይጎዳሉ፣ ራሳቸውን የዓለም መሃል አድርገው ያድጋሉ ትላለች። ስለዚህ ያገኘኸውን መጽሐፍ ለልጅቷ አትስጣት፣ ለክፍሉ በሙሉ ጮክ ብለህ አንብበው፣ እሷ እንደማንኛውም ተማሪ ቁጭ ብላ ትስማ።

አልስማማም ባይ፦
ይቅርታ ደስታችሁን ላበላሽ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ጽሁፍ ማንበብ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንደኛ ሁሉም የሌላ አገር ነው፣ የእነሱ ቁጥር የኔን መደርደሪያ አይነግረኝም። ሁለተኛ እያነበብኩ በሄድኩ ቁጥር ሥራ የሠራሁ እየመሰለኝ መጣ፣ ማታ አነባለሁ፣ ልቤ ይነካል፣ ጠዋት ያው ሌሰን ፕላን። ሶስተኛው የባሰ ነው፣ እያንዳንዱን ታሪክ ትምህርት ማውጫ አደረግሁት፣ "ከዚህ ስለ ፍትህ ምን ተማራችሁ" ስል ልጆቹ ፊታቸው ይዘጋል። ፈረንሳዊው መምህርና ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 የአንባቢ መብቶች ብሎ አስር ሲዘረዝር የመጀመሪያው ያለማንበብ መብት ነው፣ አለመጨረስም አለበት። እኔ ክፍሌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እሱን ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ልጆቹ ማንበብ የጀመሩት። ፍትህ የምትሉት ለኔ እዛ ይጀምራል።

ዝምተኛዋ መምህርት፦
@አልስማማም ባይ ሶስተኛው ላይ ልክ ነህ፣ እኔም ላይ ደርሷል። አንደኛው ላይ ግን ቁጥሩን ሳይሆን መቁጠሩን ነው የምንወስደው፣ የራስህን መደርደሪያ ቆጥረህ ታውቃለህ?

ዳስተር፦
እኔ የማነበው ሪቲንኪንግ ስኩልስ ነው። በ1986 አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ መምህራን ራሳቸው የጀመሩት መጽሔት ነው፣ ድረገጹም አለ። የምወደው ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ አስተማሪዎች ስለሆኑ "እንዲህ አደረግሁ፣ ይሄኛው ከሸፈ" ይሉሃል።
ከንባቤ ወስጄ ክፍል ውስጥ በደንብ የሠራልኝ አንድ ነገር፣ ታሪክ አንብበን ስንጨርስ "እዚህ ውስጥ ያልተናገረ ማነው?" እላለሁ። ሠራተኛዋ፣ በረኛው፣ ታናሽ እህት፣ አንዱን ይመርጡና ያንኑ ታሪክ በእሱ አፍ ይጽፋሉ። በቃ። ስለ ፍትህ አንድ ቃል አልተነፍስም፣ እነሱ ራሳቸው ያመጡታል።
ከዛ በፊት ደሞ የናይጄሪያዊቷን ደራሲ የቺማማንዳ አዲቼን የ2009 ንግግር አስነብቤያቸው ነበር፣ በጽሁፍም ስላለ ዳታ አይበላም። ናይጄሪያ ያደገች ልጅ ሆና ስትጽፍ ገጸ ባህሪዎቿ ሁሉ ነጭ፣ ሰማያዊ ዓይን፣ በረዶ ላይ የሚጫወቱ፣ ፖም የሚበሉ ነበሩ፣ ምክንያቱም ያነበበችው እንደዛ ነበር። ይሄን ሳነብላቸው አንዱ ቀስ ብሎ ደብተሩን ገልጦ የራሱን ድርሰት ማየት ጀመረ።

ጠመኔ በኪሴ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የቢሾፕን በዛው ማታ አነበብኩት። አልስማማም ባይ አንተንም፣ ነደድኩብህ ግን ልክ ነህ፣ ስለዚህ ከማንበቤ ይልቅ ቆጠርኩ። የክፍሉ መደርደሪያ ላይ 64 መጻሕፍት አሉ። አካል ጉዳተኛ ያለባቸው አራት። ከአራቱ በአንዱ ክፉው ሰውዬ ነው የሚያነክሰው፣ በሁለቱ ሰው እንዲያዝንላቸው ብቻ የገቡ ናቸው፣ አንዱ ጥሩ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ዝርዝሩን ለልጅቷ አሳየኋት፣ ለብቻዋ ሳይሆን ከቡድኗ ጋር ተቀምጠው እያለ።
እስክሪብቶዬን ተቀብላኝ ጥሩ ያልኩትን ሰረዘችው። "ይሄኛው አይቆጠርም ቲቸር፣ መጨረሻ ላይ እግሩ ድኖ ነው የሚሮጠው።"
ዳስተር፣ ያ ባልተናገረው ሰው አፍ የምታስጽፋቸውን ነገር ስንት ፔሬድ ነው የሚፈጅብህ?

ዳስተር፦
ሁለት። ሶስተኛውን ግን ባዶ ተወው፣ ማንበብ ይፈልጋሉ።